«በዘር ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ይህ ባለፈው እሁድ ከሰዓት ለወላጆች፣ ለተማሪዎችና ለጥቂት የጤና ባለሙያዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ከቀረጻው ላይ ነው የጻፍኩት። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ፤ በሰዓት እጥረት የዘለልኩትን ደግሞ ጨምሬበታለሁ።

እንደምን ዋላችሁ።

አያቴ የምትኖረው ጎጃም ነበር። ለቤታችን ልጅ ሽማግሌ ሊላክ ነው የተባለ ዕለት፣ ገና ቡናው ሳይቆላ፣ መጀመሪያ የምታደርገው መቁጠር ነበር። መደብ ላይ ትቀመጥና ጣቷን እያጠፈች «እገሌ የእገሌ፣ እገሌ የእገሌ» እያለች ወደ ላይ ትወጣለች። ሰባት ቤት እስኪሞላ። በመሃል አንድ ስም ከሁለቱም ወገን ከተገናኘ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ልጆቹ ቢዋደዱም፣ ቢያለቅሱም፣ አለቀ።

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ዲኤንኤ የሚባል ነገርም ሰምታ አታውቅም። እኔ ግን የላቦራቶሪ ትምህርት ስማር፣ መምህራችን ሰሌዳው ላይ የውርስ ሥዕል እየሳለ ሲያስረዳን፣ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት። ዘረ-መል ማለት ከወላጅ የምንወርሰው የሰውነታችን መመሪያ ነው፤ የተጻፈውም በዲኤንኤ ነው። እያንዳንዳችን ከአብዛኛው ዘረ-መል ሁለት ሁለት ቅጂ አለን። አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ብዙ ጊዜ አንዱ ቅጂ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንለታል፤ ሰውየው ብልሽቱን ተሸክሞ እንደሚዞር ሳያውቅ አርጅቶ ይሞታል። ችግር የሚመጣው አንድ ዓይነት ብልሽት ያላቸው ሁለት ሰዎች ተጋብተው ልጁ ሁለቱንም የተበላሹ ቅጂዎች ሲወርስ ነው። ዘመዳሞች ሲጋቡ ይህ ዕድል ከፍ ይላል፤ ያው ብልሽት ከአንድ ቅድመ አያት ወርዶ በሁለቱም ቤት ሊኖር ይችላልና። ከወላጅ ግማሹን እንወስዳለን። ከአያት ሩቡን። እንዲህ እየተከፈለ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ በአማካይ ከ128 አንድ እጅ ነው የሚቀረው። አያቴ ስሌቱን አታውቀውም፤ ሥራውን ግን ትሠራው ነበር።

ቆጥራ ስትጨርስ ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ ነበራት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጠይቃለች። «ቤታቸው በሽታ አለ?»

ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። ሐኪምም ይጠይቃችኋል፤ ስኳር በቤተሰብ አለ? ደም ግፊት አለ? የጡት ካንሰር የያዛት እህት አለችሽ? የተሳሳተው ከመልሱ በኋላ የምናደርገው ነገር ነው። «በዘር ነው» ከተባለ ነገሩን እንደ ተዘጋ መዝገብ እናየዋለን። ፍርድ ተሰጥቷል፣ ይግባኝ የለውም። ይህ አስተሳሰብ ስንት ሰው እንደጎዳ በዓይኔ ስላየሁ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት።

የአያቴ የገዛ ልጇ፣ አክስቴ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆናት እግሯ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጣቶቿ አካባቢ ነው። ማታ ማታ ያቃጥላታል፣ ያሳክካታል። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ፣ በሁለቱም እግር። አንዱ «ድግምት ረግጣ ነው» አለ። አንዱ «መርገም ነው» አለ። ጠበል ተወሰደች። በመጨረሻ የአገሩ ሰው አንድ ቃል ላይ ተስማማ፤ ዝሆኔ ነው፣ ይሄ ቤት አለበት። የአያቴ አጎትም እንደዚያው ነበርና። ከዚያ በኋላ ሌሎች አያቶች ስለ እኛ ቤት ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው ሲጠይቁ፣ መልሱ «አለ» ሆነ። አክስቴ ሳታገባ ቀረች። ማኅበርም ሆነ ሰርግ ቤት ከሰው ኋላ ነበር የምትቀመጠው፤ እግሯን በነጠላዋ ሸፍና።

አሁን ሳይንሱ ምን እንደሚል ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከማውቃቸው የዘረ-መል ታሪኮች ሁሉ ለእኛ አገር ከዚህ የሚቀርብ የለም።

የበሽታው ስም ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ቃሉ ከግሪክ ነው፤ እግርና አቧራ ማለት ነው። ሌላም የዝሆኔ ዓይነት አለ፤ እሱ በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት በሚተላለፍ ትል ነው የሚመጣው። ይሄኛው ግን ትልም የለው፣ ተህዋስም የለው። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1970ዎቹ (ሁሉንም ዓመት በፈረንጆቹ ነው የምናገረው) እዚሁ አገራችን እየዞረ አጠናውና ነገሩን ከአፈሩ ጋር አገናኘው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር፣ ደጋና ወይና ደጋ፣ ዝናብ የበዛበት ቦታ። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች በቆዳው ገብተው ይቀመጣሉ። ሰውነት እነሱን ሊዋጋ ሲሞክር በእግር ውስጥ ፈሳሽ የሚመልሱት ቀጫጭን ቱቦዎች ይቆጣሉ፣ ይጠባሉ፣ በመጨረሻም ይደፈናሉ። ፈሳሹ እዚያው ይቀራል። እግር ያብጣል። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንዳለበት ይገመታል። በእርሻ ላይ የሚውል ሰው ነው፤ ጉልበቱ የሚፈለግ ሰው።

አሁን ጥያቄ አለ። በአንድ ማሳ ላይ አሥር ሰው በባዶ እግሩ ያርሳል። አፈሩ አንድ ነው። ለምን ሁሉም አይታመሙም?

ወላይታ ውስጥ ቤተሰቦች ሲጠኑ የታመመ ሰው እህት ወንድሞች ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ገደማ የበለጠ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ «ቤታቸው አለ» የሚለው የአገሩ ሰው ምልከታ ውሸት አልነበረም። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለ የሚባል የአገራችን ልጅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ከዚያው ከወላይታ የ194 ታማሚዎችንና የ203 ጤነኞችን ዲኤንኤ አነጻጽሮ ምንጩን አሳየ። ኤችኤልኤ የሚባለው የዘረ-መል ክፍል ላይ ነው ልዩነቱ ያለው። እንዲህ አስቡት፤ ሰውነታችን የራሱንና የባዕዱን የሚለይበት ዘበኛ አለው፣ ይህ ክፍል ደግሞ ዘበኛው መታወቂያ የሚያይበት መስኮት ነው። በአንዳንድ ሰው መስኮቱ የአፈሩን ብናኝ ሲያይ ዘበኛው ከልክ በላይ ይቆጣል። በሌላው ሰው አይቶ ዝም ይላል። ጥናቱ በዓለም አንደኛ ከሚባሉት የሕክምና መጽሔቶች በአንዱ ወጣ። የወላይታ ገበሬ ዲኤንኤ፣ የኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ስም። እኔ ያን ጊዜ በጣም ነው የኮራሁት፣ አሁንም እኮራለሁ።

ከዚህ ሥራ የማደንቀው ሌላም ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት ሄደው ስለ መገለሉ አጠኑ። «የዘር ጥናት ነው» ብለን ቤት ለቤት ብንዞር ጎረቤት ምን ይላል? ይሄ ቤት አለበት ተብሎ ተጨማሪ ጣት አይቀሰርባቸውም ወይ? ፈቃድ እንዴት ነው የሚጠየቀው? ማንን አስቀድሞ ማነጋገር ይሻላል? ዘረ-መል የሚያጠና ሰው ሁሉ ከዚህ ቢማር እላለሁ።

እና ወደ ፍርዱ ስንመለስ። በዘር ነው? አዎ። ግን ዘረ-መሉ ብቻውን ማንንም አላሳበጠም። አፈሩን ያልነካ እግር አያብጥም። በአያቴ ቤት ያለው ውርስ ሙሉ በሙሉ እንዳለ ሆኖ፣ አክስቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ጫማ ብታደርግ ኖሮ ያ ሁሉ ዕድሜ ሌላ ይሆን ነበር። ልጅ ሆና ጫማ አልነበራትም። በቤቱ አንድ ጥንድ ጫማ ነበር፤ የአያቴ ባል ናቸው ገበያ ሲወጡ የሚያደርጉት።

እባካችሁ ይህችን ያዙልኝ። በ2023 በማጭድ ሴል የደም በሽታ ለሚሰቃዩ ሰዎች ዘረ-መልን የሚያርም ሕክምና በእንግሊዝና በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ትልቅ ነገር ነው፣ አሜሪካ ውስጥ የአንድ ሰው ዋጋው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለአክስቴ የሚያስፈልጋት ግን ጫማ ነበር። ከታመመች በኋላ እንኳ የሚያስፈልጋት ሳሙና፣ ትንሽ በረኪና የገባበት ውሃ መዘፍዘፊያ፣ ቫዝሊን፣ ፋሻ፣ ካልሲና ሰፋ ያለ ጫማ ነው። ይህ ሕክምና ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በደንብ ተፈትኖ፣ ውጤቱ በ2018 ታትሟል። እግሩ በየጊዜው እየተቆጣ፣ ትኩሳት እያመጣ ሰውን ለቀናት አልጋ ላይ የሚጥለውን ሕመም ቀንሷል።

አሁን ወደ መድኃኒት ልውሰዳችሁ።

ከጥቂት ዓመት በፊት ጥርሴን ተነቅዬ ከመድኃኒት ቤት ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ተሰጠኝ። የሚጠይቀኝም አልነበረም፣ የሚነግረኝም አልነበረም። አንዷን ፍሬ ውጬ ወዲያው ራሴን አዞረኝ፣ አስመለሰኝ፣ እስከ ማግስቱ እንደ ሰካራም ሆንኩ። ወንድሜ ያንኑ መድኃኒት ወስዶ «ምንም አልሠራልኝም» ያለ ሰው ነው። እኔ ተመርምሬ አላውቅም፤ ስለዚህ የኔ ጉዳይ ይሄ ነው ብዬ አልምልም። ግን እንድፈልግ አደረገኝ።

ኮዴይን ብቻውን ብዙ አያስታግስም። ጉበታችን ውስጥ አንድ ኢንዛይም አለ፤ እሱ ነው ኮዴይንን ሞርፊን ወደሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ የሚቀይረው። ኢንዛይሙን የሚሠራው ዘረ-መል በአንዳንድ ሰው አይሠራም፤ ለእነሱ ኮዴይን ማለት ባዶ ክኒን ነው። በአንዳንዱ ሰው ደግሞ ዘረ-መሉ ተደጋግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ይገኛል። ያኔ ኢንዛይሙ ይበዛል፣ ሞርፊኑም ቶሎና በብዛት ይመረታል። አንድ ፍሬ ክኒን ነው የዋጠው፤ ሰውነቱ ግን ብዙ እንደዋጠ ያደርገዋል።

በ1996 ስዊድን ውስጥ የምትሠራው ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር አንድ ነገር አሳተመች። ይህ የተደጋገመ ዘረ-መል በስዊድናውያን ከ100 ሰው በአንድ ሁለቱ ላይ ነው የሚገኘው። በተጠኑት ኢትዮጵያውያን ላይ ከ100 ሰው 29 ሆነ። ሃያ ዘጠኝ! እዚህ አዳራሽ ስንት ሰው አለ? ረድፍ ረድፉን ቁጠሩና ከሦስት ሰው አንድ ገደማ በሉ።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። የመድኃኒት መጠን የሚወሰነው በብዛት በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ላይ ተፈትኖ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ልክ የእነሱ ልክ ነው። የኛ ሰውነት ሌላ ከሆነስ? የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2013 ቶንሲል ተቆርጠው ኮዴይን በተሰጣቸው ሕፃናት ላይ ሞት ስለደረሰ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2017 ደግሞ ኮዴይንንም ትራማዶል የሚባለውን ሌላ ማስታገሻም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከለከለ፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱ መከረ። ትራማዶልም በዚያው ኢንዛይም ነው የሚበረታው። እኛ ሰፈር ግን ትራማዶል በየመንገዱ እንዴት እንደሚገኝ፣ ወጣቱ እንዴት እንደሚውጠው ታውቃላችሁ። ጓደኛው ሁለት ፍሬ ወስዶ ምንም አልሆነም ማለት እሱም አይሆንም ማለት አይደለም። ወላጆች፣ ይህን ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ። ሳል ያለበት ሕፃን ካላችሁ የሽሮፑን ጀርባ አንብቡ፣ ካልገባችሁ የመድኃኒት ባለሙያውን «ኮዴይን አለበት?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን ከሐኪም ሳትነጋገሩ አታቋርጡ።

አንዳንዱን ደግሞ ሳናውቀው እየተጠቀምንበት ነው። የቲቢ መድኃኒት ስትጀምሩ ቫይታሚን ቢ6 ለምን አብሮ እንደሚሰጥ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አይሶኒያዚድ የሚባለውን መድኃኒት ሰውነታቸው ቀስ ብሎ የሚያስወግድ ሰዎች አሉ፤ ይህም በውርስ ነው። መድኃኒቱ ሲጠራቀምባቸው እጅ እግራቸውን ያደነዝዛቸዋል። ቪታሚኑ ያንን ይከላከላል። ለሁሉም ይሰጣል፣ ማንም ዘረ-መሉን አይመረመርም፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ጥሩ አሠራር ማለት ይሄ ነው።

ላቦራቶሪያችን ውስጥ ደግሞ ጂን ኤክስፐርት የሚባል ማሽን አለ። ስሙን ሰምታችሁታል። አክታ ይገባል፣ በሁለት ሰዓት ገደማ የቲቢው ባክቴሪያ ዲኤንኤ መኖሩን ይነግረናል፤ ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና መድኃኒት መላመድ አለመላመዱንም ጭምር። ባክቴሪያውን አሳድጎ ማየት ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ከኤችአይቪ ጋር ከምትኖር እናት የተወለደ ሕፃንም አለ። የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል እስከ 18 ወር ድረስ በደሙ ሊቆይ ስለሚችል ይህንኑ የሚፈልገው ተራው ምርመራ ያሳስታል። ስለዚህ በስድስት ሳምንቱ ተረከዙ ትወጋና ጥቂት ጠብታ ደም ወረቀት ላይ ትደርቃለች፤ የሚፈለገው የቫይረሱ ዘረ-መል ራሱ ነው። ነጻ ነው የሚል ውጤት ለእናት ስሰጥ የማየውን ፊት ከዓለም ምንም አልለውጠውም። ጡት እስኪያቆም ድረስ ክትትሉ እንደሚቀጥል ነግሬያት ነው የምሸኛት፣ ግን ያቺ ደቂቃ!

ስኳር ያለባችሁም የምትወጉት ኢንሱሊን የዘረ-መል ሥራ ነው። ከ1982 በፊት ከአሳማና ከበሬ ቆሽት ነበር የሚወጣው። ለእኛ አገር ክርስቲያንም ሙስሊምም ይህ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። ዛሬ የሰውን ዘረ-መል የተሰጠው ባክቴሪያ ወይም እርሾ ነው የሚያመርተው።

አንድ የሚከብድ ነገር ላንሳና ወደ ጥያቄያችሁ እንሂድ።

ዲኤንኤ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ይናገራል። መጋቢት 1 ቀን 2011 በእኛ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አጠገብ ሲወድቅ 157 ሰው ሞተ። ከ30 በላይ አገር ዜጎች ናቸው። ማንን ማን ብሎ መለየት በዓይን የሚሆን አልነበረም። ቤተሰቦች ከያሉበት የዲኤንኤ ናሙና ሰጡ፤ በወራት ውስጥ ሁሉም ሟቾች በስም ተለዩ። የሚቀብረው ላጣ ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የኛ ሰው ያውቃል። ለቅሶ ሬሳ ይፈልጋል።

ያው ምርመራ ሌላ ቦታ ሲገባ ግን ሌላ ነው። በፈረንጆቹ 2008 አሜሪካ ለስደተኛ ቤተሰቦች መገናኛ የነበረውን ፕሮግራም በዲኤንኤ ፈተሸች። መጀመሪያ ናይሮቢ ላይ፣ በአብዛኛው ሶማሌያውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ናቸው የተመረመሩት። ኋላ ወደ ሌሎች አገሮች ሰፋ። የተባለው ዝምድና በሙሉ የተረጋገጠው ከ20 በመቶ ባነሱ ጉዳዮች ነው፤ በቀሪው ውስጥ አንመረመርም ያሉትም ተቆጥረዋል። ፕሮግራሙ ተዘጋ፣ እስከ 2012 አልተከፈተም። ማጭበርበር አልነበረም አልልም። ነበር። ግን እኔ የማስበው የእህቷን ልጅ ከአራስነቱ ያሳደገችውን ሴት ነው። እህቷ ሞታለች። ልጁ «እማዬ» ነው የሚላት። ቅጹ ላይ «ልጅሽ ነው?» ሲላት አዎ አለች፤ ሌላ ምን ትበል? ዲኤንኤው «እናቱ አይደለችም» ይላል። ማሽኑ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ጥያቄው ነው። በኛ ቤት እናትነት በደም ብቻ ተለክቶ አያውቅም። ዛሬ ምርመራ የሚጠየቅ ሰው ካላችሁ፣ ናሙና ከመስጠታችሁ በፊት ያሳደጋችሁትን ልጅ ያሳደግኩት ነው ብላችሁ በትክክል አስመዝግቡ፤ በማደጎም ከሆነ ወረቀቱን ያዙ።

ከጥያቄዎቹ አንዱን ብቻ እዚህ ላስቀምጠው። ከኋላ ረድፍ አንዲት እናት ተነሡ። ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው ነው የጠየቁት፤ አያቴን ነው ያየሁት። «ልጄ፣ ሴት ልጄን የጠየቃት ልጅ ደህና ልጅ ነው። እናቱ ግን እግራቸው አብጧል። ልከልክል ወይ?»

እንዲህ አልኳቸው። አይከልክሉ፣ እማማ። አይጋባም። ልጆች ሲወለዱ አንዳንዶቹ ያንን ውርስ ይዘው ሊወለዱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ቆመው መሄድ ከጀመሩበት ቀን አንስቶ ጫማ ይግዙላቸው። ማታ ማታ እግራቸው በሳሙና ይታጠብ። እርሻ የሚሄድ ካለ ካልሲና ድፍን ጫማ ያድርግ። ለአማችዎ እናት ደግሞ ሕክምና እንዳለው ይንገሯቸው፤ ከፈለጉ አብረዋቸው ይሂዱ። ሰርጉ ላይ ከፊት ያስቀምጧቸው።